ኮሮላዬ ሜዳው ላይ ደህና ነው፤ የአለም ሳጋን ዳገት ሲጀምር ግን ይፈላል

የሽምብጥ ነዋሪ፦

ጤና ይስጥልኝ። ባለ 1.6 ሊትር 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ኮሮላ አለኝ። ሙያዬ ሒሳብ መያዝ ነው፤ ሆኖም ዘይትና ፊልትሮ መቀየር፣ ካንዴላ ማጽዳት፣ የፍሬን ሸራ መለወጥና ይህን የመሰለውን ሥራ ከስድስት ዓመት ወዲህ በግቢዬ ራሴ ነው የምሠራው። አሁን ግን ከአቅሜ በላይ ሊሆን የተቃረበ ነገር ስለገጠመኝ ምክር ልጠይቅ ወጣሁ።

ባሕር ዳር ውስጥ በቀትር ፀሐይ ወደ አባይ ማዶ ተሰልፌ ብጓዝ እንኳ የሙቀት መርፌው ከግማሽ በታች ነው የሚቆመው። ሐሙሲትን አልፌ እስከ ወረታ ባለው ሜዳ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስነዳም ንቅንቅ አይልም። ወረታ ላይ ወደ ቀኝ ታጥፌ የደብረ ታቦርን መንገድ ከያዝኩ በኋላ፣ ወደ አለም ሳጋ ደን የሚያወጣውን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ በጀመርኩ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ግን መርፌው ቀዩን ይነካል፤ የትርፍ ውኃ መያዣውም እየተንደቀደቀ በአፉ ይተፋል። ግማሽ ሰዓት ቆሜ፣ ሁለት ሊትር ያህል ጨምሬ እቀጥላለሁ። አማቶቼ ደብረ ታቦር ስለሆኑ መንገዱን ልተወው አልችልም።

እስካሁን የተደረገው ይህ ነው። ከሁለት ወር በፊት አንድ ጋራዥ «ለእኛ አገር አያስፈልግም» ብሎ ቴርሞስታቱን (ውኃው እስኪሞቅ ድረስ የራዲያተሩን መንገድ የሚዘጋውን ዕቃ) አውጥቶ ጣለው፤ ችግሩ ከዚያ ወዲህ ባሰ እንጂ አልተሻለውም። የራዲያተሩ ክዳን አርጅቶ ስለነበር ከገበያ ሌላ ገዝቼ ገጥሜያለሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ እዚያው ጋራዥ ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን ሲያምቅ የሚደርሰው ግፊት) ተለክቶ አራቱም ሲሊንደሮች ከ10.6 እስከ 10.9 ኪሎ በካሬ ሴንቲ ሜትር አነበቡ። የመኪናው የጥገና መጽሐፍ 13.5 ስለሚል ሞተሩ ደክሟል፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮንም (ከሞተሩ ራስ ሥር ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል፣ መፈታት አለበት ተባልኩ። የተጠየቅሁት ገንዘብ ቀላል ስላልሆነ ከመፈታቱ በፊት እርግጠኛ ለመሆን እፈልጋለሁ።

የቪትዝ ባለቤት፦

ወንድሜ፣ ጊዜዎን አያባክኑ። የእኔም እንዲሁ ዳገት ላይ እየፈላ ስድስት ወር አንከራተተኝ፤ በመጨረሻ ቴስታታው ሲነሳ ጓርኒሲዮኑ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መካከል ተበልቶ ተገኘ። ቀድሜ አስፈትቼው ቢሆን ኖሮ ለክዳን፣ ለጎማና ለፋን ያወጣሁት ሁሉ ይተርፈኝ ነበር። ቴርሞስታትን በተመለከተ እኔ ካስወጣሁት ዓመታት አልፈዋል፤ ምንም አልሆንኩም።

አሮጌው መካኒክ፦

ጋራዤን ከዘጋሁ ቆይቻለሁ፤ ይሁን እንጂ ይህን ጥያቄ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የቪትዝ ባለቤት ያጋጠመዎት እውነት ነው፤ የእርስዎ ሞተር ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሎ ስለተገኘ ብቻ ግን የዚህ ሰውም ተቃጥሏል ማለት አይቻልም። ቴስታታ የሚፈታው ምስክር ሲገኝ ነው።

የሽምብጡ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ መኪናው የት እንደሚግል አስተውል። ቆሞ ወይም በከተማ ሰልፍ ውስጥ ብቻ የሚግል መኪና ብዙውን ጊዜ ፋኑ አይሠራም፤ መኪናው ሲሄድ ነፋሱ የፋኑን ሥራ ስለሚሸፍን ይበርዳል። የአንተ ተቃራኒው ነው፤ ሞተሩ ብዙ ሙቀት በሚያመርትበት ዳገት ላይ ነው የሚሸነፈው። ይህም ውኃው ወይ በበቂ መጠን ወደ ራዲያተሩ አይደርስም፣ ወይ ደርሶ አይበርድም፣ ወይም ሳይገባው ቀድሞ ይፈላል ማለት ነው።

የቴርሞስታቱን ነገር ላስረዳህ። በዚህ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ የተቀመጠው ውኃው ከራዲያተሩ ተመልሶ ወደ ፖምፓው በሚገባበት በታችኛው ጎማ በኩል ነው፤ ሁለት ሳህንም አለው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ትልቁ ሳህን የራዲያተሩን መንገድ ይዘጋል፣ ውኃውም በአቋራጩ ቀዳዳ በሞተሩ ውስጥ ብቻ ይዞራል። ሲሞቅ ትልቁ ይከፈትና ታችኛው ትንሽ ሳህን ሄዶ ያንን አቋራጭ ይደፍነዋል። ቴርሞስታቱን ስታወጣው አቋራጩን የሚደፍን ነገር አይኖርም። ፖምፓው እንደ ሰው ቀላሉን መንገድ ይወዳል፤ በራዲያተሩ ጠባብ ቧንቧዎች የቀዘቀዘውን ውኃ ከመሳብ ይልቅ ከሞተሩ የወጣውን ትኩስ ውኃ መልሶ ይጠጣል። ከተማ ውስጥና ሜዳ ላይ የቀረው ይበቃል፤ ዳገት ላይ ግን አይበቃም። ቴርሞስታቱ ከወጣ በኋላ ባሰበት ያልከው ከዚህ ጋር ይገጥማል። የቪትዝ ባለቤትም ያለ ቴርሞስታት ደህና ነኝ ሲሉ መንገዳቸው ወዴት እንደሆነ ቢነግሩን ጥሩ ነበር።

ወደ ጓርኒሲዮኑ ልመለስ። ጠዋት ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ክፈት፣ ውኃውን እስከ አፉ ሙላና ሞተሩን አስነስተህ ጋዝ እየሰጠህ ተመልከት። የተቃጠለ ጓርኒሲዮን ካለ ገና ሳይሞቅ ሳያቋርጥ አረፋ ይወጣል። ከዚያም አጥፍተህ ክዳኑን ግጠምና እንደገና አስነሳው፤ የላይኛው ጎማ በአንድ ደቂቃ ውስጥ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ፣ ያ የጠጠረው በውኃ ሙቀት ሳይሆን በሲሊንደር ጋዝ ነው። የዘይቱን መለኪያ ዘንግ ምዘዝ፣ የዘይት መሙያውን ክዳንም ገልብጠህ እይ፤ ወተት የመሰለ ነገር ካለ ውኃ ገብቷል። አራቱንም ካንዴላዎች አውጥተህ በተራ ደርድራቸው፤ ውኃ የሚጠጣ ሲሊንደር ካንዴላው በእንፋሎት ታጥቦ ከሌሎቹ ነጥቶ ይታያል።

አንድ ነገር በጥብቅ እነግርሃለሁ፦ ትኩስ ሳለ ክዳኑን አትንካ። ረዳቴ የነበረ ልጅ ከክንዱ እስከ አንገቱ የተላጠው በዚህ ነው። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋትም የአሉሚኒየም ቴስታታ ያጣምማል፤ ባዶ ራዲያተር ውስጥ በጆግ የሚገለብጥ ሹፌር ሳይ አሁንም ያንቀጠቅጠኛል።

መምህርት ከደብረ ታቦር፦

መካኒክ አይደለሁም፤ የማስተምረው ፊዚክስ ነው፤ ኮምፕሬሽኑን በተመለከተ ግን አንድ የተዘነጋ ነገር ያለ ይመስለኛል።

መጽሐፉ ላይ ያለው 13.5 ኪሎ የተለካው ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ በማይል ቦታ ነው። ጣና የሚገኘው 1,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ሲሆን፣ እዚያ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ በአምስት አንድ እጅ ገደማ ያንሳል። ፒስተኑ የሚያምቀው የገባለትን አየር ስለሆነ፣ ባሕር ወለል ላይ 13.5 የሚያነብ ጤነኛ ሞተር ባሕር ዳር ላይ 11 ገደማ ቢያነብ ትክክል ነው። ስለዚህ ከ10.6 እስከ 10.9 የሚለው ንባብ ደካማ ሞተር አያሳይም። በዚያ ላይ አራቱም እኩል ናቸው፤ እኔ እንደሚገባኝ ጓርኒሲዮን በሁለት ሲሊንደሮች መካከል ሲበላ ጎረቤታሞቹ ሁለቱ ናቸው ለብቻቸው የሚወርዱት።

የመፍላቱ ነገርም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ውኃ ባሕር ዳር በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ 2,700 ሜትር አካባቢ ባለው ደብረ ታቦር ደግሞ በ91 ይፈላል። ባቄላ በምን ያህል ሰዓት እንደሚበስልልን የአገሩ ሰው ያውቀዋል። ራዲያተሩ ላይ 0.9 የሚል (የሚይዘው ግፊት ልክ) የተጻፈበት ክዳን በትክክል ሲይዝ ግን በውስጡ ያለው ግፊት ስለሚጨምር ያው ውኃ እስከ 115 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ ላልቶ ግፊቱን የማይዝ ከሆነ 20 ዲግሪ የሚሆነው መጠባበቂያ በሙሉ ይጠፋል። ባሕር ወለል ላይ ያለ ሰው ክዳኑ ቢበላሽበት ቢያንስ እስከ 100 ዲግሪ ፋታ አለው፤ እናንተ የምትሄዱበት ዳገት ላይ ግን ይህ ፋታ ከ93 ወደ 91 እየወረደ ነው።

አሮጌው መካኒክ፦

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ኮምፕሬሽን ስለካ «የእኛ አገር ሞተር ለምን ሁልጊዜ ከመጽሐፉ ያንሳል?» እያልኩ ነዳጁን ሳማ የኖርኩ ሰው ነኝ።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ ኮሮላ ላይ ፋኑን የሚያስነሳው የሙቀት ስዊች የሚሠራው በ93 ዲግሪ ነው። እንግዲህ ክዳኑ ካልያዘ ፋኑ መዞር በሚጀምርበት ጊዜ ውኃው ለመፍላት የቀረው አንድ ዲግሪ ብቻ ነው ማለት ነው፤ ዳገቱ ላይ ደግሞ ያም የለም። የሽምብጡ ወንድሜ፣ ፋኑንም ፈትነው፦ ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ብቻ ክፈትና የዚያን ስዊች ሶኬት ንቀለው፤ ሲነቀል ፋኑ መዞር አለበት። ካልዞረ ፊውዙን፣ ሪሌውንና የፋኑን ሞተር እይ። የፖምፓውን ቺንጋም በአውራ ጣትህ ተጭነህ መላላቱን አረጋግጥ።

የሽምብጥ ነዋሪ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ የተባለውን ሁሉ በተራ አደረግሁ።

አረፋ የለም፤ መጀመሪያ ላይ ሦስት አራት ወጡና አበቃ። የላይኛው ጎማ ከአምስት ደቂቃ በኋላም በእጄ ይጨመቃል። ዘይቱ ጥቁር ቢሆንም ንጹሕ ነው። ካንዴላዎቹ አራቱም አንድ ዓይነት ቡናማ ናቸው። ሶኬቱን ስነቅለው ፋኑ ወዲያውኑ ተነሣ።

የደነገጥሁት በክዳኑ ነው። ገልብጬ ሳየው ጎማው አዲስ ነው፣ 1.1 የሚል ተጽፎበታል፤ እንዲያውም ከፍ ስላለ ይሻላል ብዬ ነበር የገዛሁት። በጎማው ላይ የጠመኔ ዱቄት ቀብቼ ራዲያተሩ ላይ ገጠምኩና መልሼ ፈታሁት፤ ዱቄቱ እንዳለ ነው፤ በራዲያተሩ አንገት ውስጥ ባለው መቀመጫ ላይ አንድም የነጭ ምልክት የለም። የክዳኑ እግር አጭር ስለሆነ ጎማው መቀመጫውን ጨርሶ አይነካውም። ሁለት ወር ሙሉ የነዳሁት ያለ ክዳን ነበር ማለት ነው!

አሮጌው መካኒክ፦

የጠመኔውን ዘዴ ከማን ተማርከው? እኔ ሊፒስቲክ ነበር የምጠቀመው።

1.1 የሚለውን ተወው፤ ለዚህ ራዲያተር የተሠራው 0.9 ነው። ከዚያ በላይ ማድረግ ያረጁ ጎማዎችን፣ ፋሼታዎችን (የጎማ ማሰሪያዎቹን) እና የራዲያተሩን ብየዳ ማስጨነቅ ብቻ ነው። ስትገዛ አሮጌውን ይዘህ ሂድ፣ የእግሩን ርዝመት ጎን ለጎን አድርገህ አስተያይ። ቴርሞስታትም ግዛ፤ 82 የሚል የታተመበት ነው። ስትገጥመው በጠርዙ ላይ ያለችው ትንሽ የምትንቀሳቀስ ፒን ወደ ላይ ትሁን፤ አየር የሚያመልጠው በእርሷ ነው።

የቪትዝ ባለቤት፦

ስለ ጓርኒሲዮኑ ተሳስቼ ሊሆን ይችላል። መንገዴን ለጠየቁኝ፦ ከባሕር ዳር እስከ ዘንዘልማ ነው፤ ዳገት የለበትም፣ እሺ።

ቴርሞስታትን ግን አሁንም አላምንም። እኔ ሁለት አዲስ ገዝቼ በድስት ውኃ ውስጥ እየቀቀልኩ ፈትኛቸዋለሁ፤ ውኃው እየፈላ እንኳ ሁለቱም በግማሽ ብቻ ነው የተከፈቱት። ሁለቱንም ጣልኳቸው። ገበያው ላይ ያለው ዕቃ ይህ ከሆነ ባይኖር ይሻላል።

መምህርት ከደብረ ታቦር፦

ይቅርታ ያድርጉልኝና ምን የሚል ቁጥር ታትሞባቸው ነበር? 88 ከነበረ ጥፋቱ የቴርሞስታቶቹ ላይሆን ይችላል። ቴርሞስታት በታተመበት ዲግሪ መከፈት ይጀምራል እንጂ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ከዚያ ከአሥር ዲግሪ በላይ ጨምሮ ነው። በባሕር ዳር ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ ደግሞ የፈለገውን ያህል እሳት ቢነድበት ከ94 አያልፍም። ባለ 88ቱ ሙሉ በሙሉ ለመከፈት የሚያስፈልገውን ሙቀት በዚያ ድስት ውስጥ በጭራሽ አያገኝም። በተዘጋው ሞተር ውስጥ ግን ያገኘው ነበር።

የቪትዝ ባለቤት፦

88 ነበር።

የጀልባ ሞተረኛ፦

እኔ ጣና ላይ ወደ ዘጌና ወደ ገዳማቱ ሰው የማመላልስ ነኝ፤ የእኛ ሞተር ራዲያተር የለውም፣ ሐይቁን ራሱን እየሳበ ነው የሚቀዘቅዘው። ሞተሩ ሲሠራ ከጎኑ በቀጭኑ የሚሸናው ውኃ አለ፤ ያ ሲቀጥን ወዲያውኑ አጥፍተን እናያለን። እምቦጩ ከመጣ ወዲህ ሥሩና ቅጠሉ የውኃ መሳቢያውን ወንፊት ይዘጋዋል፤ ደለሉ ደግሞ የፖምፓውን የጎማ ክንፍ ይበላዋል።

ይህን ያነሣሁት የሽምብጡ ወንድማችን በየጉዞው ሁለት ሊትር ውኃ እጨምራለሁ ስላሉ ነው። ያን ውኃ ከየት ነው የሚቀዱት? ከመንገድ ዳር ከሆነ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውኃ ሳይሆን ጭቃ ነው። መኪናውን በደንብ ካሞቁት በኋላ ሞተሩን አጥፍተው፣ ፋኑ እንዳይነሣም የስዊቹን ሳይሆን የራሱን የፋኑን ሞተር ሶኬት ነቅለው፣ መዳፍዎን በራዲያተሩ ፊት ላይ ከላይ ወደ ታች በቀስታ ያሳልፉ። ሙቀቱ ቀስ እያለ መቀነስ አለበት፤ በድንገት የሚቀዘቅዝ ቦታ ካገኙ እዚያ ያሉት ቧንቧዎች ተደፍነዋል።

የሽምብጥ ነዋሪ፦

ውኃው ከጉማራ ወንዝ ነው። ድልድዩ አጠገብ ጄሪካን ሞልቼ በመኪናዬ ኋላ ይዤ ነው የምሄደው፤ ክረምት ላይም ጭምር። ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው አሁን ሳስታውሰው አፍራለሁ።

የተፈጸመውን በቅደም ተከተል ልጻፍ። መጀመሪያ ቴርሞስታቱንና ትክክለኛውን ክዳን ገጠምኩ። ቴርሞስታቱን በባለቤቴ የሽሮ ድስት ውስጥ በሲባጎ አንጠልጥዬ ፈተንኩት፤ 82 ላይ በትንሹ ተነቃነቀ፣ ውኃው ሲፈላ ስምንት ሚሊ ሜትር ያህል ተከፈተ። ከዚያ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ወጥቼ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ዳገቱ አዙሬ አቆምኩና፣ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍቼ፣ ክዳኑን ሳልገጥም ውኃ እየጨመርኩ አየሩን አስወጣሁ። የታችኛውን ጎማ ይዤ ነበር፤ ለረጅም ጊዜ ቀዝቃዛ ሆኖ ቆይቶ በድንገት እጄን አቃጠለኝ። ቴርሞስታት ሲከፈት ምን እንደሚመስል ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ ወደ ደብረ ታቦር ሄድኩ። አልፈላም፤ ነገር ግን አለም ሳጋ ላይ መርፌው ሦስት አራተኛ ደርሶ እዚያው ቆመ። ስመለስ የጀልባው ወንድሜ እንዳሉት በመዳፌ ዳሰስኩት። የታችኛው አንድ ሦስተኛ ያህል ከቀኝ በኩል ቀዝቃዛ ነበር።

ራዲያተሩ የመዳብና የናስ ስለሆነ አውርጄ ራዲያተር ከሚበይድ ሰው ዘንድ ወሰድኩት። የላይኛውን ጋን ብየዳውን አቅልጦ ሲያነሣው ቆሜ እያየሁ ነበር፤ ከቧንቧዎቹ አሥራ አንዱ እንደ ሸክላ በደረቀ ቀይ አፈር ተደፍነዋል። በቀጭን የብረት ዘንግ አንድ በአንድ ወጋቸው። የወጣው አፈር አንድ የቡና ሲኒ ይሞላል።

አሮጌው መካኒክ፦

ፕላስቲክ ጋን ያለው አዲሱ ዓይነት ራዲያተር ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይከፈትም ነበር፤ ዕድለኛ ነህ። አሁን ንጹሕ ውኃ ከኩላንት ጋር እኩል በእኩል ቀላቅለህ ሙላው። ብዙ ሰው «እኛ አገር በረዶ የለም» ብሎ ኩላንትን ይንቃል፤ ዋናው ጥቅሙ ለእኛ ዝገትን መከልከሉና የመፍያውን ነጥብ ጥቂት ከፍ ማድረጉ ነው። ጄሪካንህን የቧንቧ ውኃ ሙላበት።

የሽምብጥ ነዋሪ፦

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ባለፈው ቅዳሜ አራት ሰው ጭኜ፣ የጤፍ ከረጢትም ኋላ ተጭኖ፣ መርፌው ከግማሽ ትንሽ ብቻ አለፈ፤ ፋኑም ተነሥቶ ሲጠፋ ሰማሁት።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። በትርፍ ውኃ መያዣው ላይ የውኃውን ልክ በባለቤቴ የጥፍር ቀለም ምልክት አድርጌበት ነበር። በመጀመሪያው ጉዞ አንድ ጣት ያህል ወረደ፤ ከሁለተኛው በኋላ ግን አልወረደም። የሆነ ቦታ ያፈስ ይሆን?

አሮጌው መካኒክ፦

ያ የቀረ አየር ነው፤ ሲወጣ ውኃው ቦታውን ይይዛል። ለማንኛውም በፖምፓው አካል ላይ በታች በኩል ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በባትሪ መብራት እያት፤ በዙሪያዋ የኩላንቱ ቀለም ደርቆ ካየህ ፖምፓው ማፍሰስ ጀምሯል፤ ደረቅ ከሆነች ተዋት።

የቪትዝ ባለቤት፦

ጋሼ፣ ለቪትዝ የሚሆነው ክዳን ላይ የሚጻፈው ቁጥር ስንት ነው? የእኔን አሁን ከፍቼ ሳየው ጎማው እጄ ላይ ቀረ።

አሮጌው መካኒክ፦

በራሱ በአሮጌው ክዳን አናት ላይ የተጻፈ ቁጥር አለ፤ ዝገቱን በጨርቅ ጥረጉና አንብቡት፤ ገበያ ስትሄዱም እርሱኑ ይዛችሁ ሂዱ። ቀዝቃዛ ሳለ ነው የከፈታችሁት አይደል?

የቪትዝ ባለቤት፦

ቀዝቃዛ ነበር።